ኢምንት ከኢምንት ሲደመር፦ የሲግማ አይዲያል አጭር ታሪክ

በመካኒሳ አቦ ለተማሪዎችና ለመምህራን የቀረበ ሕዝባዊ ንግግር፣ ጽሑፋዊ ቅጂ



አባቶቻችን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላሉ። አንድ ድር ብቻውን ከቁጥር አይገባም፤ ትንፋሽ ይበጥሰዋል። ሲያብር ግን ኃይል ይሆናል። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ የአውሮፓ የሒሳብ ሊቃውንት የተጋፈጡት ጥያቄ የዚህ አነጋገር ሌላ ገጽታ ነበር ብንል ከእውነት አንርቅም። ጥያቄው «ስንት ድር ቢያብር ነው አንበሳው የሚታሰረው? እስከ የትኛውስ ቁጥር ድረስ ቢያብር ድሩ ድር ሆኖ ይቀራል?» የሚል ነው። የዛሬው ንግግሬ ይህ ጥያቄ እንዴት እንደ ተነሣ፣ እንዴትስ መልስ እንዳገኘ፣ መልሱም ለእኛ ምን እንደሚያስተምር ይመለከታል። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ብዬ ካልለየሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሜ ጽንሰ ሐሳቡን ላስቀምጥ። አንድ ዋና ስብስብ፣ ለምሳሌ የቁጥር መስመር፣ ተሰጥቶናል እንበል። ከንዑስ ስብስቦቹ መካከል «ትናንሽ» ወይም «ኢምንት» ብለን የምንቆጥራቸውን ለይተን በአንድ መዝገብ እንጻፍ። መዝገቡ ሦስት ሕጎችን ያከብር ዘንድ እንጠይቃለን። አንደኛ፣ ባዶው ስብስብ በመዝገቡ ይገኛል። ሁለተኛ፣ አንድ ስብስብ ኢምንት ከሆነ በውስጡ ያለ ማናቸውም ንዑስ ስብስብ ኢምንት ነው። ሦስተኛ፣ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያልን በተራ ልንዘረዝራቸው የምንችላቸው ኢምንት ስብስቦች፣ ዝርዝሩ ማለቂያ ባይኖረው እንኳ፣ ሲዋሐዱ ውሕደታቸው ኢምንት ነው። በተራ ሊዘረዘር የሚችለውን «ተቆጣሪ» እንለዋለን። ሦስቱን ሕጎች የሚያከብር መዝገብ ዛሬ ሲግማ አይዲያል ይባላል። ከእነዚህ ሕጎች ሁለተኛው ለማንም ግልጽ ይመስላል። የታሪኩ ክብደት ያለው በሦስተኛው ላይ ነው፤ ሁለተኛውም ቢሆን ቀላል እንዳልነበረ ኋላ እናያለን።

ነገሩ የጀመረው በስሕተት ነው። ጀርመናዊው ሄርማን ሃንክል በ1870 ስለ ኢንቴግራል ሲመረምር፣ በየትኛውም ኢንተርቫል ውስጥ ታጭቆ የማይገኝ የነጥቦች ስብስብ ሁሉ በርዝመትም ትንሽ ነው ብሎ አሰበ። ዓይን እንደሚነግረን ከሆነ ሐሳቡ ትክክል ይመስላል፤ በየስፍራው ክፍተት ያለበት ነገር እንዴት ርዝመት ሊኖረው ይችላል? እንግሊዛዊው ሄንሪ ስሚዝ ግን በ1875 ተቃራኒውን አሳየ። አሠራሩን በቀላሉ እንዲህ ማየት ይቻላል። ርዝመቱ 1 የሆነ መስመር እንውሰድና ከመካከሉ 1/4 ቆርጠን እናውጣ። ከቀሩት ሁለት ቁራጮች መካከል ደግሞ ከእያንዳንዱ 1/16 እናውጣ፤ ከቀሩት አራት ቁራጮች ከእያንዳንዱ 1/64፤ እንዲሁ እያልን ያለ ማቋረጥ እንቀጥል። የወጣው ጠቅላላ ርዝመት 1/4 ሲደመር 1/8 ሲደመር 1/16 እያለ ሄዶ 1/2 ይሆናል። ስለዚህ የቀረው ስብስብ በየትኛውም ኢንተርቫል ውስጥ ክፍተት ያለበት ሆኖ ሳለ የግማሹን መስመር ርዝመት እንደ ያዘ ይኖራል። በአንዱ ሚዛን ስስ የሆነው በሌላው ሚዛን ከባድ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

በ1881 በፒሳ ይማር የነበረ የ21 ዓመት ወጣት፣ ቪቶ ቮልቴራ፣ ይህንኑ ዓይነት ስብስብ መሠረት አድርጎ አንድ ፈንክሽን ሠራ። ፈንክሽኑ በእያንዳንዱ ነጥብ ዲሪቬቲቭ አለው፤ ዲሪቬቲቩም ወሰን ያለው ነው፤ ሆኖም ያ ዲሪቬቲቭ በሪማን መንገድ ኢንቴግራል የለውም። ዲሪቬቲቭና ኢንቴግራል አንዱ የሌላው መመለሻ ናቸው የሚለው የካልኩለስ መሠረታዊ እምነት በዚህ ተናጋ። እንግዲህ ጉዳዩ የቃላት ጨዋታ አልነበረም፤ «ችላ ሊባል የሚችለው የትኛው ነው?» ለሚለው ጥያቄ የተሰጠው የተሳሳተ መልስ ከሒሳብ ዋና ዋና ምሰሶዎች አንዱን ነቀነቀው። ወደ ቮልቴራ ኋላ እመለሳለሁ።

ጁሴፔ ፔአኖ በ1887፣ ካሚል ዦርዳን በ1892 የስብስቦችን መጠን ለመለካት ሥርዓት አቀረቡ። የሁለቱም ሥርዓት አንድን ስብስብ ለመሸፈን የሚፈቅደው ውሱን ብዛት ያላቸውን ኢንተርቫሎች ብቻ ነበር። ውጤቱ እንግዳ ነው። አንድ ነጥብ ኢምንት ነው፤ ሁለት ነጥቦች ኢምንት ናቸው፤ ሚሊዮን ነጥቦችም ኢምንት ናቸው። በ0 እና በ1 መካከል ያሉት ራሽናል ቁጥሮች ሁሉ፣ ማለትም የክፍልፋይ ቁጥሮች፣ ሲሰበሰቡ ግን የውጭ መጠናቸው 1 ይሆናል። የኢምንቶች መዝገብ በውሱን ውሕደት ይጸናል፤ በተቆጣሪ ውሕደት ግን ይፈርሳል።

ሽፋኑ ማለቂያ የሌለው ዝርዝር ይሁን ብንልስ? እዚሁ ደጃችን ካለው የመካኒሳ አቦ አስፋልት አንድ ኪሎ ሜትር እንውሰድ። ከመነሻው ያላቸው ርቀት በኪሎ ሜትር ክፍልፋይ የሚገለጽ ነጥቦችን ሁሉ በጨርቅ መሸፈን እንፈልጋለን። እነዚህ ነጥቦች በመንገዱ ላይ የሌሉበት ስንዝር የለም። ሆኖም ተቆጣሪ ናቸውና በተራ እንዘርዝራቸው። ለመጀመሪያው የግማሽ ሳንቲ ሜትር ጨርቅ፣ ለሁለተኛው የሩብ ሳንቲ ሜትር፣ ለሦስተኛው የ1/8 ሳንቲ ሜትር፣ እንዲህ እያልን ለእያንዳንዱ የቀዳሚውን እኩሌታ እንስጥ። ጠቅላላው ጨርቅ 1 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። በአንድ ሳንቲ ሜትር ምትክ የፀጉር ውፍረት ያህል ብንመርጥም ሥራው ያው ነው። አክሰል ሃርናክ በ1885 ይህን አስተውሎ ነበር፤ ነገር ግን እንደ መሣሪያ ሳይሆን እንደ እንቆቅልሽ ተመለከተው። በየስፍራው ያለ ነገር እንዴት መጠን አልባ ይሆናል?

ኤሚል ቦሬል እንቆቅልሹን ወደ መሠረት ለወጠው። በ1898 ባሳተመው የፈንክሽኖች ንድፈ ሐሳብ መጽሐፉ ተቆጣሪ ድምርን የልኬት ሕግ አደረገ። ዘመኑን ለማስታወስ ያህል፣ የዐድዋ ድል ከሆነ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር። ቦሬል ይህን በድፍረት ሊያደርግ የቻለው አንድ ዋስትና ስለ ነበረው ነው፤ አንድን ሙሉ ዝግ ኢንተርቫል ማለቂያ በሌለው የኢንተርቫሎች ዝርዝር ብንሸፍን፣ ከዝርዝሩ ውሱን የሆኑት ብቻ ለሽፋን ይበቃሉ። ከዚህም የተነሣ የአንድ ኪሎ ሜትር መንገድ ከአንድ ኪሎ ሜትር ባነሰ ጨርቅ በምንም ዘዴ አይሸፈንም። ይህ ዋስትና ባይኖር ኖሮ መንገዱ ራሱ በኢምንቶች መዝገብ ይገባና መዝገቡ ዋጋ ያጣ ነበር።

ሄንሪ ለቤግ በ1902 የዶክትሬት ድርሳኑ የሁለተኛውን ሕግ ዋጋ አሳየ። በቦሬል ግንባታ የሚደረስባቸው ስብስቦች ብዛት ከቁጥር መስመሩ ነጥቦች ብዛት አይበልጥም። የካንቶር ስብስብ የሚባለው ኢምንት ስብስብ ግን ብቻውን ያሉት ንዑስ ስብስቦች ከዚያ እጅግ ይበልጣሉ። ለቤግ የኢምንት ስብስብ ንዑስ ሁሉ ሊለካ የሚችል፣ ልኬቱም ዜሮ የሆነ ነው ብሎ ወሰነ፤ ስለዚህ ሊለኩ የሚችሉት ስብስቦች ዓለም በአንድ ጊዜ ሰፋ። ፍሬውም ወዲያው ታየ። ወሰን ያለው ፈንክሽን በሪማን መንገድ ኢንቴግራል የሚኖረው ቀጣይነት የሚያጣባቸው ነጥቦች ስብስብ ኢምንት ሲሆን፣ በዚያን ጊዜም ብቻ ነው። ሃንክል የፈለገው፣ ቮልቴራ ያናወጠው ጉዳይ በአንድ ዐረፍተ ነገር ተዘጋ።

በዚሁ ጊዜ ሌላ መዝገብ ተከፍቶ ነበር። ሬኔ ቤር በ1899 ድርሳኑ በየትኛውም ኢንተርቫል ውስጥ የማይታጨቁ ስብስቦችን ወስዶ፣ ተቆጣሪ ውሕደቶቻቸውን የመጀመሪያው ምድብ ስብስቦች አላቸው። እኔ ዛሬ «ስስ» እላቸዋለሁ። የስስ ንዑስ ስስ ነው፤ የስሶች ተቆጣሪ ውሕደትም ስስ ነው። ቤር የራሱን ዋስትና አረጋገጠ፦ የቁጥር መስመር በሙሉ ስስ አይደለም። እንግዲህ በአንድ መስመር ላይ ሁለት ሲግማ አይዲያሎች ቆሙ፤ አንዱ በርዝመት ይመዝናል፣ ሁለተኛው በአቀማመጥ።

ሁለቱ ይስማማሉን? አይስማሙም፤ አለመስማማታቸውም እስከ መጨረሻው ነው። ወደ ጨርቃችን እንመለስ። ክፍልፋይ ነጥቦችን በ1 ሳንቲ ሜትር ሸፈንን፤ ከዚያ በግማሽ ሳንቲ ሜትር፣ ከዚያ በሩብ፣ እንዲሁ እያልን ሸፈንን እንበል። በእነዚህ ሽፋኖች ሁሉ ሥር የሚገኙት ነጥቦች ስብስብ ኢምንት ነው፤ ምክንያቱም ከየትኛውም መጠን ባነሰ ጨርቅ ተሸፍኗል። ቢያንስ ከአንዱ ሽፋን ውጭ የቀሩት ነጥቦች ደግሞ ስስ ስብስብ ይሆናሉ፤ ምክንያቱም ከእያንዳንዱ ሽፋን ውጭ የሚቀረው በየትኛውም ኢንተርቫል ውስጥ አይታጨቅም። ስለዚህ መስመሩ በሙሉ የአንድ ኢምንትና የአንድ ስስ ስብስብ ውሕደት ነው። በአንዱ መዝገብ ችላ የተባለው በሌላው ሁሉንም ይይዛል።

ይህ የተፈበረከ ልዩ ሁኔታ ብቻ አይደለም። ቦሬል በ1909 አንድ ታዋቂ ውጤት አሳተመ፤ በልኬት ስንመዝን፣ ኢምንት ከሆኑት በቀር ሁሉም ቁጥሮች በአሥርዮሽ ሲጻፉ ከ0 እስከ 9 ያሉት አኃዞች እኩል ድርሻ ይዘው ይመላለሱባቸዋል። በቤር ሚዛን ስንመዝን ግን እንዲህ ያሉት ቁጥሮች ስስ ናቸው። «የተለመደው ቁጥር ምን ዓይነት ነው?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ሒሳብ አንድ መልስ የለውም፤ አስቀድሞ «በየትኛው አይዲያል?» ብሎ ይጠይቀዋል። ቫስላቭ ሸርፒንስኪ በ1934፣ ፖል ኤርዶሽም ይበልጥ አጠናክሮ በ1943፣ የኮንቲንየም መላ ምት ከተቀበልን ኢምንቶችንና ስሶችን እርስ በርሳቸው የሚያለዋውጥ የነጥቦች ማዛመጃ እንዳለ አሳዩ። ሁለቱ የማይስማሙ መዝገቦች በዚህ መላ ምት ሥር የአንድ መልክ ሁለት ገጽታ ናቸው ማለት ነው።

ስለ ስሙ ጥቂት ልበል። «አይዲያል» የሚለው ቃል የመጣው ከቁጥር ንድፈ ሐሳብ ነው። ኤርንስት ኩመር በ1840ዎቹ «አይዲያል ቁጥሮች» ያላቸውን፣ ሪቻርድ ዴዴኪንድ በ1871 የስብስብ መልክ ሰጣቸው። የዴዴኪንድ አይዲያል ድምርን ይቀበላል፤ ከማናቸውም ቁጥር ጋር ሲባዛም ከአይዲያሉ አይወጣም። ማርሻል ስቶን በ1936 የስብስቦች አልጀብራ ራሱ እንደ ቁጥሮች ሥርዓት ሊታይ እንደሚችል ሲያረጋግጥ ግንኙነቱ ግልጽ ሆነ፤ የሁለት ስብስቦች ጋራ ክፍል እንደ ብዜት ይቆጠራልና፣ «የኢምንት ንዑስ ኢምንት ነው» የሚለው ሕግ የዴዴኪንድ የብዜት ሕግ ሆኖ ተገኘ። «ሲግማ» የሚለው ቅጽል ደግሞ ፌሊክስ ሃውስዶርፍ በ1914 መጽሐፉ ከተጠቀመበት ምልክት የመጣ ሲሆን፣ ፊደሉ ድምር የሚል ትርጉም ያለውን የጀርመንኛ ቃል ያስታውሳል። ፖል ሃልሞስ በ1950 ባሳተመው የልኬት ንድፈ ሐሳብ መጽሐፉ ይህንኑ መዋቅር «ወራሽ ሲግማ ሪንግ» በሚል ስም አስተማረ፤ ንዑስን ሁሉ ስለሚያወርስ ነው። በዚያው በ1950 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተከፈተ። ዘመናዊ የልኬት ትምህርት የመማሪያ መጽሐፍ መልኩን በያዘበት ዓመት የእኛም ከፍተኛ ትምህርት ጀመረ ማለት ነው።

አሁን ወደ ሰዎቹ ልመለስ። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል ይህ ጥናት ያበበው በተለይ በፖላንድ፣ በዋርሶና በልቮቭ ነበር። ስቴፋን ባናክና ካዚሚዬርዝ ኩራቶቭስኪ በ1929፣ ስታኒስላቭ ኡላም በ1930፣ የመስመሩን ንዑሶች ሁሉ ለመለካት መሞከር ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ አረጋገጡ። በኋላ ማርቼቭስኪ በሚል ስም የታወቀው ኤድዋርድ ሽፒልራይን በ1935 ዛሬ በስሙ የሚጠራውን ሦስተኛ ሲግማ አይዲያል አስተዋወቀ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። የልቮቩ ስታኒስላቭ ሩዚየቪች በሐምሌ 1941 ከሌሎች የከተማዋ ፕሮፌሰሮች በኋላ በጀርመኖች ተገደለ። ስለ ኢንቴግራል ንድፈ ሐሳብ ዋና መጽሐፍ የጻፈው ስታኒስላቭ ሳክስ በ1942 በዋርሶ በጌስታፖ እጅ ጠፋ።

ይህ ታሪክ ለኢትዮጵያውያን ባዕድ አይደለም። ቪቶ ቮልቴራ በ1931 የሮም ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሳለ ለፋሺስቱ መንግሥት የታማኝነት መሐላ እንዲፈጽም ተጠየቀ። ከ1,200 ገደማ የኢጣሊያ ፕሮፌሰሮች አንምልም ያሉት 12 ያህል ብቻ ነበሩ፤ ቮልቴራ ከእነርሱ አንዱ ነበርና ወንበሩን አጣ። ያው መንግሥት በመስከረም 1928 ዓ.ም. አገራችንን ወረረ። በየካቲት 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተፈጸመው ጭፍጨፋና ከዚያ በኋላ የተማሩ ወጣቶች እየተለዩ ተገደሉ። በቁጥር ሲታዩ ከአገሩ ሕዝብ ጥቂቶች ነበሩ። የዘመናዊ ትምህርት ትውልድ ግን ከእነርሱ ጋር ተቆርጧል።

ይህን ያነሣሁት ሒሳብን የምሳሌ ማሳመሪያ ለማድረግ አይደለም፤ ከንድፈ ሐሳቡ ራሱ የሚወጣ ትክክለኛ ነጥብ ስላለው ነው። በውሱን ስብስብ ላይ እያንዳንዱ አባል ከዜሮ የሚበልጥ ክብደት ከተሰጠው፣ ኢምንቱ ባዶው ስብስብ ብቻ ነው። ከ1,200 መካከል 12 ሰዎች አንድ መቶኛ ናቸው፤ በምንም ልኬት ዜሮ አይደሉም። የኢምንት ንድፈ ሐሳብ የተወለደው ለማለቂያ የለሽ ስብስቦች ነው። የስታቲስቲክስ ተማሪ «ውጤቱ ጉልህ አይደለም» ሲል፣ የኢኮኖሚክስ ተማሪም «ጥቂት አባወራዎች ብቻ» ሲል፣ ለቤግ የሰጠውን ፈቃድ በስሕተት እየተዋሰ እንዳይሆን መጠንቀቅ አለበት። ሕዝብ ሲቆጠር ችላ የሚባል ሰው ካለ፣ ያንን የወሰነው ሒሳብ ሳይሆን ክብደቱን ዜሮ ያደረገው ሰው ነው።

ሁለተኛው ማሳሰቢያዬ ስለ ቋንቋችን ነው። ተማሪዎች ባዶ ስብስብንና ልኬቱ ዜሮ የሆነ ስብስብን ብዙ ጊዜ ያምታታሉ። አማርኛ ለዚህ የተዘጋጀ ይመስለኛል። «ባዶ» ምንም የሌለበት ነው። «ኢምንት» ግን፣ በግእዝ ሥሩ «ምንም» ማለት ቢሆንም፣ በዛሬ አጠቃቀማችን ያለ ሆኖ ከቁጥር የማይገባ ነው። ስለዚህ አንድ ነገር «ኢምንት ሲቀር በሁሉም ዘንድ» ይሆናል ብንል ለቤግ የፈለገውን እንናገራለን፤ «የትኛው ኢምንት?» የሚለው ጥያቄም በቃሉ ውስጥ ክፍት ሆኖ ይቆያል።

በመጨረሻ ወደ ድሩና ወደ አንበሳው ልመለስ፤ ጥያቄው አሁንም ሕያው ነውና። ተቆጣሪ ድሮች አንበሳ አያስሩም፤ የመስመሩ ነጥቦች ሁሉ ቢያብሩ ግን መስመሩን ራሱን ይሠራሉ። በሁለቱ መካከልስ? ዶናልድ ማርቲንና ሮበርት ሶሎቬይ በ1970 እንዳሳዩት፣ የማርቲን አክሲዮም የሚባለውን ከተቀበልን ከመስመሩ ነጥቦች ብዛት ያነሱ ኢምንቶች ሁሉ ቢዋሐዱ እንኳ ኢምንት ሆነው ይቀራሉ። የተለመዱት የስብስብ አክሲዮሞች ብቻቸውን ግን ይህን አይወስኑም። ቶማሽ ባርቶሺንስኪ በ1984 ደግሞ ያልተጠበቀ ዝምድና አገኘ፤ የኢምንቶች መዝገብ አንድ ብዛት ያላቸውን ውሕደቶች ሁሉ ከቻለ፣ የስሶች መዝገብም ያንኑ ብዛት ይችላል። ለረጅም ጊዜ ተቃራኒ ሲመስሉ የኖሩት ሁለቱ አይዲያሎች በጽናት ረገድ ደረጃ እንዳላቸው በዚህ ታወቀ።

ውድ ተማሪዎች፣ «ይህ ችላ ይባላል» የሚል ዐረፍተ ነገር ባነበባችሁ ቁጥር ሦስት ነገር ጠይቁ፦ በየትኛው መዝገብ? ስንት ጊዜ ቢደጋገም? መላው ስብስብ ራሱ በመዝገቡ ውስጥ እንዳይገባ ዋስትናው ምንድን ነው? ሃንክል የመጀመሪያውን፣ ፔአኖና ዦርዳን ሁለተኛውን ለተከታዮቻቸው ትተውላቸዋል፤ ሦስተኛውን ቦሬልና ቤር መለሱት። ሦስቱንም በአንድነት የያዘው ትርጓሜ ዛሬ በመማሪያ መጽሐፍ ከሦስት መስመር አይበልጥም፤ እስኪጻፍ ድረስ ግን የብዙዎችን ዕድሜ ጠይቋል።